ጀርባ አጥንት ያለውን እንስሳ ምድብ እንዴት እንለያለን? ከድሬዳዋና ከሐረር ምሳሌዎች ጋር የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ጀርባ አጥንት ያላቸው ወይም ደንደሴ የሚባሉት እንስሳት በትምህርት ቤት መጻሕፍት በአምስት ይመደባሉ፤ እነርሱም ዓሦች፣ እንቁራሪት አስተኔዎች፣ ገበሎ አስተኔዎች፣ አዕዋፍና አጥቢዎች ናቸው። ተማሪ ይህን ዝርዝር በቃሉ መያዝ አይቸግረውም፤ የሚቸግረው ከፊቱ ያለውን እንስሳ ከአምስቱ በየትኛው እንደሚያስገባው መወሰኑ ነው። ሰው ዓይኑን በቅድሚያ የሚጥለው በእንስሳው ቅርጽ፣ በሚኖርበት ስፍራና በአካሄዱ ላይ ሲሆን፣ ብዙ የሚያሳስቱትም እነዚሁ ሦስት ምልክቶች ናቸው። የሚበር ሁሉ ወፍ አይደለም፣ በውኃ የሚኖር ሁሉ ዓሣ አይደለም፣ እግር የሌለውም ሁሉ እባብ አይደለም። ስለዚህ በዚህ መመሪያ የምንሄደው በሌላ ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ አጥንቱ፣ ቀጥሎ የአካሉ ሽፋን፣ ከዚያ አተነፋፈሱና ጣቶቹ፣ በመጨረሻም አወላለዱና የውስጥ አካሉ ይታያሉ።

ለዚህ ሥራ የድሬዳዋና የሐረር ነዋሪ ዕድለኛ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኙ በመሆናቸው፣ በደንገጎ ዳገት በኩል በአንድ ቀን ተሂዶ በሚመለስበት መንገድ የቆላውንም የወይና ደጋውንም እንስሳ ማየት ይቻላል።

ከመጀመርዎ በፊት

ማስታወሻ ደብተር፣ እርሳስ፣ የእጅ አጉሊ መነጽርና ካሜራ ያለው ስልክ ይበቃሉ። እባብን፣ መሬት ላይ ወድቆ የተገኘን የሌሊት ወፍ፣ እንዲሁም እንደ ወትሮው ከሰው የማይሸሽን የዱር አጥቢ በምንም ምክንያት በእጅ አይንኩ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ብቻ ሳይሆን ከሌሎች አጥቢዎችም ይተላለፋልና። በቆላው ድንጋይ ሲያገላብጡ በረጅም ዱላ ይጠቀሙ። እፉኝት ሰው ሲቀርባት ከመሸሽ ይልቅ ባለችበት ጸጥ ብላ የመተኛት ጠባይ ስላላት፣ በአብዛኛው የምትነድፈው ሳያያት የረገጣትን ወይም እጁን የሰደደባትን ሰው ነው። ኤሊ ወይም ጉርጥ ከነኩ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

ደረጃ 1፦ ጀርባ አጥንት መኖሩን ያረጋግጡ

የቤት ድመት ወይም ፍየል ካለዎት ጣትዎን ከአንገቷ ጀምረው እስከ ጅራቷ ድረስ በጀርባዋ መካከል ያንሸራቱ። በተርታ የሚሰማዎት እያንዳንዱ ጉብታ የአንዱ አከርካሪ ጫፍ ሲሆን፣ በአከርካሪዎቹ ቀዳዳ ውስጥ ከአንጎል የሚወርደው ሕብለ ሰረሰር ያልፋል። ጊንጥና ጥንዚዛ ጠንካራ አካል ቢኖራቸውም ጥንካሬያቸው በውጭ በኩል ባለው ሽፋን ላይ ነው፤ በውስጣቸው አንድም አጥንት ስለሌለ ከዚሁ ደረጃ ይሰናበታሉ።

በዚህ ደረጃ ሰውን የሚያደናግሩት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ኤሊ ነው። በጀርባው ላይ ያለው ጠንካራ ሽፋን ከውጭ ሲያዩት ከጊንጥ ልባስ ጋር የሚመሳሰል ስለሚመስል፣ ኤሊን ጀርባ አጥንት ከሌላቸው ወገን የሚቆጥሩ ልጆች ብዙ ናቸው። በቆላው ሜዳ ላይ ሞቶ የደረቀ የኤሊ ሽፋን ካገኙ ገልብጠው ውስጡን ይመልከቱ፤ ከአንገት ቀዳዳ እስከ ጅራት ቀዳዳ በመካከሉ የተጋደሙት አከርካሪዎች ከጣሪያው ጋር ተጣብቀው፣ ከእነርሱም ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሄዱት የጎድን አጥንቶች ሰፍተውና ተያይዘው ሽፋኑን ራሱን እንደ ሠሩት በግልጽ ይታያል። ኤሊ ከሽፋኑ ሊወጣ የማይችለውም ሽፋኑ የገዛ አጽሙ ክፍል ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ከአፈር ሥር የሚኖረውና ውፍረቱ ከእርሳስ የማይበልጠው ዕውር እባብ ነው። ከመሬት ትል ጋር የሚያምታታው በመጠኑና በአኗኗሩ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ግን ትሉ እርጥብና በቀለበት የተከፋፈለ ሲሆን፣ እባቡ ደረቅና በሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው፤ ምላሱንም ብቅ ጥልቅ ያደርጋል።

ደረጃ 2፦ የአካሉን ሽፋን ይመርምሩ

ከሁሉም ደረጃዎች የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከአምስቱ ምድቦች ሁለቱ በዚህ ብቻ ተለይተው ይወጣሉ። ዛሬ በምድር ላይ ካሉት እንስሳት ላባ ያላቸው አዕዋፍ ብቻ ናቸው፤ እውነተኛ ፀጉር ያላቸውም አጥቢዎች ብቻ ናቸው።

ላባን በቅርብ ለማየት በሐረር ጀጎል ውስጥ ከሥጋ ገበያው የተሻለ ስፍራ የለም፤ ጭልፊቶች ከላይ ሲያንዣብቡ ቆይተው ባለ ሥጋ ቤቶች የወረወሩላቸውን ቁራጭ፣ አንዳንድ ጊዜም ያልተጠነቀቀ ሸማች የያዘውን ጭምር ይነጥቃሉ። ከወደቁት የክንፍ ላባዎች አንዱን አንስተው ከመካከለኛው ዘንግ ግራና ቀኝ ያለውን ንጣፍ ያስተያዩ። አንዱ ወገን ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ ሆኖ ካገኙት ላባው ለበረራ የሚያገለግል ነው፤ ጠባቡ ወገን በበረራ ጊዜ አየሩን ፊት ለፊት የሚቀዝፈው ነው። አሁን ንጣፉን በጥፍርዎ ሰንጥቀው ይለያዩትና በሁለት ጣትዎ መካከል ከሥር ወደ ጫፍ ያሹት፤ የተሰነጠቀው እንደ ዚፕ መልሶ ይገጥማል። ይህ የሚሆነው ከዘንጉ የሚወጡት ቅርንጫፎች እርስ በርስ የሚቆላለፉባቸው በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን መንጠቆዎች ስላሏቸው ነው። ሰጎን መብረር ስለማትችል ላባዋ በዘንጉ ግራና ቀኝ እኩል ነው፤ መንጠቆም ስለሌለው የተበተነና ለስላሳ ነው። ያም ሆኖ ላባ ላባ ነውና ሰጎን ባትበርም ወፍ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። የዶሮን እግር ከጉልበቷ በታች ቢመለከቱ ቅርፊት ያያሉ፤ የአይጥ ጅራትም ቅርፊት አለው። ስለዚህ ቅርፊት ማየት ብቻውን እንስሳውን ገበሎ አስተኔ አያደርገውም። ላባ ወይም ፀጉር ካለ ቅርፊት ኖረም አልኖረም ፍርዱ ያው ነው።

ፀጉር ሁልጊዜ በግልጽ አይታይም። የባቢሌ ዝሆን ቆዳው የተራቆተ ቢመስልም በጅራቱ ጫፍ ላይ ወፍራም ጥቁር ፀጉር አለው። የጃርት እሾህ ተለውጦ የጠነከረ ፀጉር ነው። የሌሊት ወፍ ደረትና ጀርባዋ በለስላሳ ፀጉር የተሸፈነ ሲሆን፣ ክንፏ በጣም በረዘሙ የእጅ ጣቶች መካከል የተወጠረ ስስ ቆዳ ነው፤ ልጇንም እንደማንኛውም አጥቢ ጡት ታጠባለች። ከአጥቢ እንስሳት ራሷን ችላ ክንፏን እያርገበገበች የምትበረው እርሷ ብቻ ናት፤ ሌሎቹ በራሪ የሚባሉት ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚንሳፈፉ ናቸው።

በሐረር ግንብ ሥር ማታ ማታ ጅብ ሲመገብ ለማየት የሄደ ሰው ትዕይንቱን ብቻ ሳይሆን እንስሳውንም ቢያስተውል ብዙ ያተርፋል። ሻካራና ነጠብጣብ ያለበት ፀጉር፣ ክብ ጆሮ፣ ከኋላው የረዘመ የፊት እግር፣ በእያንዳንዱ እግር አራት ጣት፣ እንደ ድመት ወደ ውስጥ የማይገባ ድፍን ጥፍር ያያሉ። ጆሮው የሾለና ሰውነቱ በመስመር የተዥጎረጎረ ከሆነ ሌላው የጅብ ዓይነት ነው። ብዙ ሰው ጅብን የውሻ ዘመድ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ በዘር ግንዱ ግን ለድመትና ለሸለምጥማጥ ወገን ይቀርባል። ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች፤ ግልገሎቿንም ከአንድ ዓመት በላይ ታጠባለች። የብልቷ ውጫዊ ቅርጽ ከወንዱ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ጾታን በዓይን ብቻ ለመለየት የሚደፍር ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

ደረጃ 3፦ ላባም ፀጉርም ከሌለ

የቀሩት ዓሦች፣ እንቁራሪት አስተኔዎችና ገበሎ አስተኔዎች ናቸው። በመጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ጣት ያለው እግር አለው ወይስ የለውም የሚል ነው።

ጣት ያለው እግር ከሌለውና በምትኩ መቅዘፊያ ክንፍ ካለው ዓሣ ነው። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚመጣውን ቆሮሶ ገበያ ላይ ሲያገኙ ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ጠንካራ ክዳን በጣትዎ ከፈት ያድርጉ፤ ከሥሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረው ቀይ አካል ስንጥብ ይባላል። ውኃ በአፍ ገብቶ በስንጥቡ በኩል ሲወጣ በውኃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ወደ ደም ይገባል። የስንጥቡ ቀለም ደማቅ ቀይ ካልሆነና ወደ ቡናማ ካደላ ዓሣው ሰንብቷል ማለት ነው፤ ይህን ለምደባ ሳይሆን ለምሳዎ ሲሉ ይያዙት። በጎኑም ላይ ከስንጥቡ ክዳን ወደ ጅራት የሚዘልቅ ስስ መስመር ይታያል፤ ዓሣው የውኃውን ንቅናቄ የሚያውቅበት የስሜት አካል ነው።

አምባዛ ግን የተለመደውን ትርጉም ያፈርሳል። ቅርፊት የለውም፤ ቆዳው አንሸራታችና የተራቆተ ነው፤ በአፉ ዙሪያ አራት ጥንድ ጢም መሰል አካላት አሉት፤ ከስንጥቡ በላይ ባለው ልዩ አካል ከአየር በቀጥታ መተንፈስ ስለሚችልም ከውኃ ወጥቶ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ቆዳውን ብቻ ያየ ሰው ከእንቁራሪት ወገን ሊያስገባው ይችላል። መቅዘፊያ ክንፉና ስንጥቡ ግን ዓሣነቱን ያረጋግጣሉ።

እግር ካለው ወደ ጣቶቹ ጫፍ ይሂዱ። በእኔ እምነት እንቁራሪት አስተኔን ከገበሎ አስተኔ ለመለየት ከቆዳ እርጥበት ይልቅ ጥፍር የተሻለ ምስክር ነው። መጻሕፍት ሁሉ እንቁራሪት አስተኔ እርጥብ ቆዳ አለው ይላሉ፤ ይሁን እንጂ ከዝናብ በኋላ በድሬዳዋ ግቢዎች የሚዘለው ጉርጥ ቆዳው ሸካራ፣ ጉብታ የበዛበትና ሲነኩት ደረቅ ነው። በዚህ ምክንያት ከእንሽላሊት ወገን ይመደባል ብሎ የሚከራከር ተማሪ አይጠፋም። የጉርጡን የፊት እግር ቢቆጥሩ አራት ጣት፣ የኋላውን ቢቆጥሩ አምስት ጣት ያገኛሉ፤ ጣቶቹ ለስላሳና ጥፍር አልባ ናቸው፤ በቆዳው ላይም አንድም ቅርፊት የለም። ከዓይኑ ኋላ ያሉት ሁለት እብጠቶች መርዛም ፈሳሽ የሚያመነጩ ዕጢዎች ስለሆኑ ጉርጥ የነኩበትን እጅ ወደ ዓይን መውሰድ አይገባም። እንሽላሊትና ገበሎ ግን በየጣቶቻቸው ጫፍ ጥፍር፣ በመላ አካላቸውም ደረቅ ቅርፊት አላቸው።

ይህም ሕግ ልዩ ሁኔታ አለው። በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች ውኃ ውስጥ የሚኖር አንድ ዓይነት እንቁራሪት በእያንዳንዱ የኋላ እግሩ ሦስት ጣቶች ላይ ጥቁር ጥፍር መሰል ጫፍ ስላለው፣ ከጥፍሩ ጋር የቅርፊት አለመኖርን አብሮ ማየት ያስፈልጋል። በሌላ አገር መጻሕፍት የሚታዩት እንሽላሊት የሚመስሉ ባለ ጅራት እንቁራሪት አስተኔዎች ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ ስለማይገኙ፣ እዚህ አራት እግርና ረጅም ጅራት ያለው ትንሽ እንስሳ ግድግዳ ላይ ካዩ ገበሎ አስተኔ መሆኑን ሳይጠራጠሩ ይመዝግቡ።

እግር የሌለውና በቅርፊት የተሸፈነ ሁሉ እባብ ነው ማለትም አይቻልም። እግር አልባ እንሽላሊቶችም አሉ። እባብ የዓይን ቆብ ስለሌለው ዓይኑን አይጨፍንም፤ በውጭ የሚታይ የጆሮ ቀዳዳም የለውም። ከሩቅ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ዓይኑን የጨፈነ ወይም የጆሮ ቀዳዳ ያለው እግር አልባ እንስሳ ካዩ እንሽላሊት ነው።

ደረጃ 4፦ እንቁላሉንና አወላለዱን ይመልከቱ

የዓሣ እንቁላል ጠንካራ ቅርፊት የለውም፤ በውኃም ውስጥ ይጣላል። የናይል ቆሮሶ ሴቷ እንቁላሎቿን እስኪፈለፈሉ በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። የእንቁራሪት እንቁላል በሚያዳልጥ ዝልግልግ ነገር የተሸፈነ ሲሆን፣ ዝናብ ባቆረው ኩሬ ውስጥ በክምር ወይም በክር መልክ ይገኛል፤ የሚፈለፈለው ጨቅላ እግር የሌለው፣ ጅራት ያለውና በስንጥብ የሚተነፍስ ሲሆን፣ በሳምንታት ውስጥ እግር አብቅሎ ጅራቱን ያጣል። የዚህ ዓይነት ሙሉ የቅርጽ ለውጥ በገበሎ አስተኔዎች፣ በአዕዋፍና በአጥቢዎች ዘንድ የለም።

ገበሎ አስተኔዎች በየብስ ላይ ይጥላሉ፤ የብዙዎቹም እንቁላል ቅርፊት እንደ ቆዳ የሚታጠፍ ነው። የቤት ውስጥ እንሽላሊት ግን ከዚህ ትለያለች። በግድግዳ ስንጥቅ ወይም ከመስኮት ፍሬም ጀርባ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሆነው የሚገኙት፣ ከአተር ብዙም የማይበልጡት ነጭ እንቁላሎች የእርሷ ናቸው፤ ቅርፊታቸው እንደ ዶሮ እንቁላል ጠንካራና ተሰባሪ ስለሆነ የትንሽ ወፍ ናቸው ተብለው ይጣላሉ። ጎጆ አለመኖሩን ልብ ይበሉ። እፉኝትም በበኩሏ እንቁላል አትጥልም፤ ልጆቿን ሕያው አድርጋ ትወልዳለች።

ከዚህ የሚከተለው፣ መውለድ ብቻውን አንድን እንስሳ አጥቢ አያሰኘውም፤ እንቁላል መጣልም ከአጥቢነት አያስወጣውም ማለት ነው። በአውስትራሊያና በኒው ጊኒ የሚገኙ አምስት ዝርያዎች እንቁላል የሚጥሉ አጥቢዎች ናቸው። አጥቢን አጥቢ የሚያደርገው ከዕጢ የሚወጣው ወተት ነው። ጡቱ ያለበት ስፍራ ግን ይለያያል፤ የላም ጡት በኋላ እግሮቿ መካከል ሲሆን፣ የዝሆን ጡት እንደ ሰው በደረቷ ላይ፣ በፊት እግሮቿ መካከል ነው።

ደረጃ 5፦ በወጥ ቤት የሚገኘውን ማስረጃ ይጠቀሙ

የውስጥ አካልን ለማጥናት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ዶሮ በአሥራ ሁለት ብልት ስትገነጠል የደረቷን አጥንት ለይተው ያስቀምጡ፤ በመካከሉ እንደ ስለት የቆመው ጉብታ ክንፍ የሚያርገበግቡት ትላልቅ ጡንቻዎች የሚይዙበት ነው። ከትከሻዋ የሚወጣውን የክንፍ አጥንት ቀቅለው ቢሰብሩት ክፍት ሆኖ ያገኙታል፤ የፍየል እግር አጥንት ግን በመቅን የተሞላ ነው።

አንገቱንም ይቁጠሩ። ፍየል፣ ግመልና ሰው በአንገታቸው እኩል ሰባት ሰባት አከርካሪ አላቸው፤ የግመል አንገት የረዘመው እያንዳንዱ አከርካሪ ስለረዘመ እንጂ ቁጥሩ ስለበዛ አይደለም። ቀጭኔም ቢሆን ሰባት ነው። ከአጥቢዎች ከዚህ ቁጥር የሚወጡት እጅግ ጥቂት ሲሆኑ፣ የዶሮ አንገት ግን አጭር ሆኖ ሳለ ከሰባት በእጅጉ የሚበልጥ አከርካሪ አለው። ከፍየል ራስ ላይ የታችኛውን መንጋጋ ሲያወጡ በእያንዳንዱ ወገን አንድ አጥንት ብቻ ነው፤ በገበሎ አስተኔ የብዙ አጥንቶች ቅንብር ነው። የአጥቢ ጥርስ ደግሞ እንደ ሥራው የመቁረጫ፣ የመቅደጃና የመፍጫ ተብሎ ይለያል፤ የአዞ ጥርስ ግን ከፊት እስከ ኋላ ቅርጹ ያው ሾጣጣ ነው።

የበግ ልብ ለሁለት ቢሰነጠቅ አራት ክፍሎች ይታያሉ። የዶሮም አራት ነው። የዓሣ ሁለት፣ የእንቁራሪት ሦስት ሲሆን፣ የአብዛኞቹ ገበሎ አስተኔዎች ሦስት ሆኖ የታችኛው ክፍል በከፊል የተጋረደ ነው። አዞ ግን ባለ አራት ክፍል ልብ አለው። በነገራችን ላይ አዞ በዘር ግንዱ ከእንሽላሊት ይልቅ ለወፍ ይቀርባል፤ አምስቱ ምድቦች ለመለየት ምቹ ቢሆኑም የዝምድናን ሐረግ በትክክል እንደማያሳዩ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሻርክን የመሰሉ ለስላሳ አጽም ያላቸውና መንጋጋ የሌላቸው ዓሦችም ከቆሮሶ ጋር በአንድ ስም ቢጠሩም በሳይንሱ ለየብቻቸው ይመደባሉ።

የሰውነት ሙቀትን በተመለከተ፣ አዕዋፍና አጥቢዎች ሙቀታቸውን ከውስጥ ያመነጫሉ፤ ሌሎቹ በአብዛኛው ከአካባቢው ይወስዳሉ። ጧት በድሬዳዋ ድንጋይ ላይ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ የተለጠፈው ገበሎ ሙቀት እየሰበሰበ ነው፤ ቀትር ሲሆን ጥላ ይፈልጋል። ይሁንና ከውስጥ ማመንጨት ማለት ሙቀቱ ፈጽሞ አይለዋወጥም ማለት አይደለም፤ ውኃ የጠማው ግመል ላብ ላለማባከን የሰውነቱን ሙቀት ሌሊት እስከ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲወርድ፣ ቀን ደግሞ ከ40 በላይ እንዲወጣ ይለቀዋል።

ደረጃ 6፦ ይመዝግቡ

አንድን እንስሳ በምድቡ ከማስፈርዎ በፊት ቢያንስ ሁለት እርስ በርስ የሚስማሙ ምልክቶች ሊኖሩዎት ይገባል፤ ከሁለቱም አንዱ የአካል ሽፋን ይሁን። ምልክቶቹ ከተጋጩ በደረጃው ቅደም ተከተል የቀደመውን ያመዝኑ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን መጀመሪያ ይጻፉ፤ ቀጥሎ ያዩትን፣ በመጨረሻም የደረሱበትን ውሳኔ፤ ውሳኔውን አስቀድሞ የጻፈ ሰው ያላየውን ምልክት አየሁ ማለት ይቀናዋልና። አጻጻፉ ይህን ይመስላል፦

«ድሬዳዋ፣ ከዚራ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት። በበረንዳ መብራት አጠገብ ግድግዳ ላይ ነፍሳት ስትይዝ የታየች። ርዝመቷ ከእነ ጅራቷ የጣት ያህል። ቆዳዋ ደረቅ፣ በጥቃቅን ቅርፊት የተሸፈነ፤ ላባም ፀጉርም የለም። አራት እግር፣ በእያንዳንዱ አምስት ጣት፤ የጣቶቿ ሥር ሰፊና በመስመር የተከፋፈለ፤ በጫፋቸው ጥፍር ይታያል። ዓይኗን አትጨፍንም፤ በምላሷ ትልሰዋለች። ጅራቷ ተቆርጦ እንደገና የበቀለ ይመስላል። ውሳኔ፦ ገበሎ አስተኔ፤ የቤት ውስጥ እንሽላሊት። ያልታየ፦ እንቁላል።»